ጤፍና ጠፍ

ሰናይት ዓርብ ጠዋት የሱቋን የጓሮ በር ከፍታ ስትገባ ኮምፒዩተሯ ሌላ ሆኖ ጠበቃት። ትናንት ትታው የሄደችው ገጽ የለም። በቦታው ጥቁር ነገር ተንጣሎ መሐሉ ላይ በእንግሊዝኛ «ሰላም» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ፋይሎችሽ ሁሉ እንደተውሻቸው ናቸው» ይላል። አንዲት ሴት ወደ ገዛ ቤቷ ስትገባ የማታውቀው ሰው ከሳሎን ሆኖ «እንቦሳ እሰሪ» ቢላት እንዲህ ነው የሚሰማት።

ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም። አምስት ወር ሙሉ ከስክሪኑ ጥግ ብቅ እያለ ሲጨቀጭቃት ነበር፤ አዲሱ ሲስተም ደርሷል፣ በነጻ ነው፣ አሁን ይጫን ወይስ ነገ? እሷም አምስት ወር ሙሉ ከላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት እየተጫነች ስታባርረው ቆየች። ምን በወጣት! አሮጌው ላይ ያለው የአማርኛ መጻፊያ ከማተሚያ ቤት ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት የኖረችበት ነው፤ ጣቶቿ ከጭንቅላቷ ቀድመው ያውቁታል። ትናንት ከሰዓትም ያው ጨቅጫቃ ብቅ ሲል ያችኑ ኤክስ ተጭና አለፈች። የሚያጣድፍ ሥራ ስለነበረባት ምን እንደሚል እንኳ አላነበበችም።

ሥራው የኦቦ ዱቤ ነው። ኦቦ ዱቤ ከዓለም ገና ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው የጫፌ ወርቄ መንደር ሰው ናቸው፤ የአርባ ሦስት ገበሬዎች ወኪል። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያው ገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ አምስተኛ ወሩ ነው። በሬዲዮ ቀርቷል። ጫፌ ወርቄ ላይ ግን ችካሉ ከነቀይ ቀለሙ እንደቆመ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ዶዘር እንደሚገባም ተነግሯቸዋል።

ኦቦ ዱቤን ያንገበገባቸው ዶዘሩ ብቻ አይደለም። ተስማምታችኋል መባላቸው ነው። ጥር ላይ ስብሰባ ተጠርተው፣ አንዳንድ ለስላሳ ታድሏቸው፣ «የተገኛችሁ ፈርሙ» ተብሎ ወረቀት ዞሮ ነበር። መገኘታቸውን ፈረሙ። ያው የፊርማ ዝርዝር ሚያዝያ ላይ ከሌላ ወረቀት ጋር ተሰፍቶ ብቅ አለ፤ ከፊቱ የተሰፋው ወረቀት «ይዞታችንን ለመልቀቅ ተስማምተናል» ይላል። ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው የኦቦ ዱቤ ፊርማ ነው፤ እሳቸው እጃቸው ያምራል።

አዲስ አበባ፣ አቤቱታ የሚቀበል አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያነጋገሩት ኃላፊ ቃል ገብቶላቸዋል። እስከዚህ ዓርብ ሥራ መውጫ ድረስ አቤቱታው በጽሑፍ ከገባ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ መሬቱን ማንም እንዳይነካ የእግድ ደብዳቤ ይጻፋል። ካልገባ ግን ሰኞ ሰኞ ነው። ስለዚህ ሰናይት ሁለት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ገበሬ ከፊቷ አስቀምጣ የይዞታውን ስፋት፣ የመሬቱን ዓይነት፣ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ከአፉ እየሰማች በቀጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ጽፋለች። ስምንት ገጽ ወጣው። ዛሬ ጠዋት አትማ ማስፈረም ብቻ ነበር የቀራት።

ሰናይት የዚህ አገር ሰው አይደለችም። ቂርቆስ ነው ያደገችው። የእናቷ ቤት ለልማት ይፈለጋል ሲባል ዝም ብላ ዕቃዋን ጠቅልላ ወጣች፤ ከተማው እየገፋ እየገፋ ዓለም ገና አደረሳት። አንዳንድ ቀን የገበሬዎቹን ፊት ስታይ እሷን የገፋው ነገር እሷን ከፊት አስቀድሞ እነሱን ሊገፋ የመጣ ይመስላትና ታፍራለች። በዚህ የተነሣ የጫፌ ወርቄን ወረቀት ከማንም ሥራ በላይ ተጠንቅቃ ነው የጻፈችው። ከሱቋ በር በላይ «ያለ አንድ ስህተት እንጽፋለን» የሚል ሰሌዳ ሰቅላለች፤ አፏን ሞልታ ትናገረዋለች።

ፋይሉን ከፈተችው። እውነትም እንደተወችው ቦታ አለ። አንድም የአማርኛ ፊደል ግን የለበትም። የላቲን ሆሄ፣ ጭረት፣ ነጥብ የተሸከሙ ፊደላት፣ ሦስት አራተኛ የምትል ክፍልፋይ፣ የጥያቄ ምልክት፤ ስምንት ገጽ ሙሉ ዝብርቅርቅ። አዲሱ ሲስተም የአማርኛ መጻፊያዋን አይስማማኝም ብሎ ከነፎንቱ ጠራርጎ አውጥቶታል። ማንን አስፈቅዶ?

ሰልማን ጋ ደወለች። ሰልማን ጀሞ ያለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ መጻፊያውን የጫነላት እሱ ነው፣ ሲዲውም ያለው እሱ ጋ ነው። ወጣቶቹ በመሬቱ ጉዳይ በጠሩት አድማ የተነሣ ኢንተርኔት ከረቡዕ ጀምሮ ተቆርጧል፤ ስልክ ግን ይሠራል። ሰልማን መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደነገጠ። መንገዱ በድንጋይ ስለተዘጋ መምጣት አይችልም፤ ቢመጣም ያ አሮጌ ሲዲ አዲሱ ላይ አይጫንም። ወደ አሮጌው መመለስ ይቻላል፣ ነገር ግን ረዥም ሰዓት ይፈልጋል፤ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁሉንም ይዞ ሊቀር ይችላል። ኤክስ ተጭኜዋለሁ እኮ ብላ ጮኸችበት።

«ሰኒ፣ ኤክስ ስትጫኚ መስኮቱን ዘጋሽው እንጂ እምቢ አላልሽም» አላት። «ቀጠሮውን ተቀብላለች ብሎ ነው የሚይዘው። በቅርቡ እንዲህ አድርገውታል።»

«ታዲያ እምቢ የሚባለው በምንድነው?»

«ውስጡ የተጻፈውን አንብበሽ፣ ታች በደቃቁ ያለችውን ተጭነሽ።»

ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። የአካባቢውን ሰው ሁሉ «ሳታነቡ አትፈርሙ» እያለች የምትቆጣ ሴት ሳታነብ ፈረመች። ከጎንና ከጎን ያሉት ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች በአድማው ምክንያት ከማክሰኞ ጀምሮ ዝግ ናቸው፤ ባለቤቶቹም የሉም። እሷም ከፊት ለፊት ዘግታለች፤ በጓሮ የከፈተችው ኦቦ ዱቤ ለሰፈሩ ወጣቶች ነግረውላት ነው።

ምናልባት ፕሪንተሩ ፊደሉን ያውቀው ይሆናል ብላ አተም አደረገችው። የአሥራ አምስት ዓመት ባለሙያ እንዲህ አያስብም፤ የጨነቀው ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው። ያው ዝብርቅርቁ በወረቀት ወጣ። ስምንተኛው ገጽ ወጥቶ ሲያበቃ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ የሚይዘው ዩፒኤስ ትንሽ አለቀሰና ጸጥ አለ።

ኦቦ ዱቤ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ስልሳ አልፏቸዋል፤ በአሮጌ ኮት ላይ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለዋል። ከኋላቸው ገበሬዎቹ ሊፈርሙ ተከታትለው ወደ ግቢው ይገባሉ፤ ከተፍኪ መለስ ያለውን መንገድ በእግራቸው አቋርጠው የመጡ ናቸው። «አከም ቡልቴ፣ ሰናይት?» ብለው እንዴት እንዳደረች ጠየቋት። ሌላ ቀን በኦሮምኛ «ነጋ»፣ ደኅና ብላ ትመልስ ነበር። ዛሬ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

ኦቦ ዱቤ አማርኛውን በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት፣ ቁቤውን ደግሞ ከልጆቻቸው ጋር ተምረዋል። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን መስመር በቁቤ ሊያነቡት ሞከሩ። ከአፋቸው የወጣው ድምፅ ጉሮሮው ላይ አጥንት የቀረበት ሰው ዓይነት ነበር፤ ከኋላ ያሉት ሳቁ። ይሄ ቁቤም አይደለም ብለው ወረቀቱን መለሱላት። እሷም ከኤክሱ ጀምራ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ዝጋ ስትይው እሺ ብለሻል አለሽ?»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ታዲያ ይሄ ማሽን ጥር ላይ ለስላሳ ሲታደል የት ነበር?» አሉ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ተቀምጠው ለሥራ መውጫው ስንት ሰዓት እንደቀረው መቁጠር ጀመሩ። አርባ ሦስት ሰው እንደገና ጠይቆ እንደገና መጻፍ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሦስቱ ደግሞ የሉም፤ ኩምሳ የሚባለው ከነወንድሞቹ ባለፈው ሳምንት ተወስዶ የት እንደታሰረ አልታወቀም። የእነሱ ቃል ያለው እዚህ ዝብርቅርቅ ውስጥ ብቻ ነው።

ሰናይት ወረቀቱን አፍጥጣ ታየው ጀመር። ማተሚያ ቤት ሳለች አንድ ክረምት ሙሉ የማረሚያው ክፍል ማሽን ፎንቱ ተበላሽቶ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፊቷ ተከምሮ ያውቃል። የመጀመሪያው ሳምንት አለቀሰች፤ ከዚያ ለመደችው። እያንዳንዱ ምልክት የአንድ ፊደል መደበቂያ ነው። ያቺ ሦስት አራተኛ የምትለዋ ክፍልፋይ «የ» ናት። የጥያቄ ምልክቷ ደግሞ ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ ከፊቷ ያለውን ፊደል እግር ላይ ቀለበት ታደርጋለች፤ «በ»ን «ቤ»፣ «ለ»ን «ሌ» የምታደርግ እሷ ናት። የሥራ ጓደኞቿ «ጥሬ በላ» እያሉ ሲያሾፉባት ነበር። አሥር ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያውን ቃል በጣቷ እየተከተለች አወጣችው፤ «አቤቱታ» ይላል። ሁለተኛውም ወጣላት። እኔ አነበዋለሁ፣ እርስዎ በእጅዎ ይጽፋሉ አለቻቸው።

ኦቦ ዱቤ ተነሡ። አዴ ጠጅቱ ግን አልተነሡም። አዴ ጠጅቱ ባላቸው ከሞተ በኋላ ብቻቸውን የሚያርሱ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ምላሳቸው የማይታጠፍ ሴት ናቸው። እስካሁን በር ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆይተዋል። ጥር ላይም አንዱ ወረቀት ይዞ ሌላ ነገር አነበበልን፤ እሷስ ማንም የማያውቀውን ነገር ይዛ ከኪሷ አውጥታ እንደማታነብልን በምን እናውቃለን አሉ። ከኋላ ልክ ናቸው የሚሉ ድምፆች መጡ። ልክም ነበሩ።

አዴ ጠጅቱ ተነሥተው ከወረቀቶቹ መሐል አንዱን መዘዙ፤ በማያውቁት ጽሑፍ ላይ ጣታቸውን ጣል አድርገው ከዚህ ጀምሪ አሏት። ሰናይት በዝግታ ጀመረች። ወይዘሮ ጠጅቱ በዳሳ ይላል፤ የእሳቸው መስመር ላይ ነው የወደቁት። በምሥራቅ ከቦጂያ፣ በሰሜን ከወንዙ ይዋሰናል። ስፋቱ ሁለት ጥማድ። የመሬቱ ዓይነት ይልና፣ ቀጥሎ ያለው ቃል ላይ ስትደርስ ማንበቡን አቆመች።

«ጠ» አለ። «ፍ» አለ። በመሐላቸው መኖር ያለባት የጥያቄ ምልክት የለችም።

ዓይኗን ጠርጋ ደግማ አየችው። ወደ ላይኛው መስመር ሄደች፤ እዚያም የለችም። ወደ ታችኛው ሄደች፤ የለችም። «ጤፍ መሬት» የሚለውን የመጀመሪያው ገበሬ ላይ አንዴ ጽፋ፣ ጤፍ ለሚዘሩት ሁሉ እየገለበጠች ለጥፋው ነበር። ያቺ አንዷ ስትሳሳት ሠላሳ አንዱም ተሳሳቱ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ደቃቅ ቀለበት መኖር አለመኖሯ ለዓይን አይለይም፤ ስምንቱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብባ አላየቻትም።

ማንም አያውቅም። ጤፍ ብላ አንብባ ብታልፈው ኦቦ ዱቤ ጤፍ ብለው ይጽፋሉ፤ ስህተቷም ከዝብርቅርቁ ጋር ተቀብሮ ይቀራል። ሰሌዳዋም አይዋሽም። ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ በልቧ አለፈ። ከዚያ ግን ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ለሰው አንብቦ ማለፍ ምን እንደሆነ፣ ፊቷ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በራሱ ላይ ደርሶበት እንደሚያውቅ ትዝ አላት።

«ጠፍ መሬት» ብላ አነበበች።

አማርኛው ያልገባቸው ጎናቸው ያለውን ጠየቁ፤ ኦቦ ዱቤ ዞር ብለው «ለፈ ዱዋ» አሏቸው፤ ባዶ መሬት፣ ማንም የማያርሰው። ያን ጊዜ ጫጫታው ተነሣ። የአዲስ አበባ ሰው ምን አላት፣ ሆን ብላ ነው ያለም አልጠፋ። ሰናይት ቆማ ሰማች። ሆን ብላ እንዳልሆነ፣ የጻፈችው ግን እሷ ራሷ እንደሆነች፣ የአዴ ጠጅቱ ብቻ ሳይሆን የሠላሳ አንድ ሰው መሬት እንዲሁ እንደተጻፈ ነገረቻቸው። ማሽኑ ባይበላሽ ኖሮ ዛሬ ጠዋት አትማ፣ አስፈርማ፣ ራሷ ወስዳ ታስገባው ነበር። ሰኞ ዶዘር ይዞ የሚመጣው ሰውም «ጠፍ ነው ብላችሁ የፈረማችሁት እናንተው» ይላቸው ነበር።

አዴ ጠጅቱ ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሡም ነበር።

«እስቲ ዝም በሉ» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ልታታልለን ብትፈልግ ኖሮ ጤፍ ብላ ታነብልን ነበር። አንብቢ፣ ልጄ። ያለውን አንብቢ።»

ከዚያ በኋላ ማን ይገታቸው! ጠረጴዛው ወደ ግቢው ወጣ። ኦቦ ዱቤ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ባለመስመር ወረቀት ላይ ያን የሚያምር እጃቸውን ለቀቁት። ሰናይት ከዝብርቅርቁ ፊደል በፊደል ታወጣለች፤ እሳቸው ይጽፋሉ። የሚነበበው ሰው ስሙ ሲጠራ ከጠረጴዛው ጎን መጥቶ ይቆምና አዋሳኙን እየሰማ ልክ ነው ይላል። የአዴ ጠጅቱ አዋሳኝ ቦጂያ አንድ ጊዜ ወንዙ በሰሜን ሳይሆን በምዕራብ ነው ብሎ ተከራከረና ሰዎቹ ፀሐይዋን አሳይተው አሳመኑት። የመሬቱ ዓይነት ላይ ሲደረስ ሰናይት ትቆማለች፤ ግቢው በሙሉ «ጤፍ» ይላል፤ ኦቦ ዱቤም ቀለበቷን አወፍረው ያደርጓታል። የኩምሳ መስመር ሲደርስ ጎን የሚቆም አልነበረም። ሰናይት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ እህቱ ድንቅቱ መጥታ ቆመችለት።

ፊርማ ላይ ሲደርሱ ኦቦ ዱቤ ብዕሩን ለማንም አልሰጥም አሉ። ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ ፊርማ ብቻውን የትም ይሰፋል። ከዛሬ ጀምሮ ጫፌ ወርቄ ሲፈርም ከፊርማው ጎን በገዛ እጁ ይጽፋል አሉ፤ በአማርኛ የሚችል «አልተስማማሁም»፣ በቁቤ የሚችል «ዲዴራ»። አዴ ጠጅቱ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ካሳረፉ በኋላ ቃሏን አሳዩኝ አሉ። በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ከሞከሩ በኋላ ብዕሩን ጨብጠው ከላይ ወደ ታች የሚወድቁ የቁቤ ፊደላት ሳሉ። ተወላግዳለች፤ ትነበባለች።

ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። የሰፈሩ ልጅ የከሊፋ ባጃጅ ሰናይትንና ኦቦ ዱቤን ይዛ በእርሻው መሐል ለመሐል፣ አስፋልቱን ሳትነካ ካራ ቆሬ አደረሰቻቸው፤ ባጃጅ ከዚያ አያልፍም። ከዚያ ወዲያ በእግርም በታክሲም እያሉ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ያ መሥሪያ ቤት ደረሱ። መስኮቱ ላይ ከረባት ያሠረ ወጣት ጸሐፊ ተቀምጧል። አቤቱታውን ገለጥ ገለጥ አደረገና መለሰው። በእጅ የተጻፈ አይቀበሉም፤ በኮምፒዩተር ተጽፎ ይምጣ፣ ሰኞ።

ሰኞ የምትለዋ ቃል ሰናይትን አሳበደቻት። ከቦርሳዋ ስምንቱን ዝብርቅርቅ ገጽ አውጥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

«በኮምፒዩተር የተጻፈው ይኸውልህ።»

«ይሄ ምንድነው?»

«አቤቱታው ነው። የእጁ ጽሑፍ ደግሞ አንተ እንድታነበው የተገለበጠ ነው። በአንድ ቃል ብቻ ይለያያሉ፤ እሱንም የእጁን ያዝ።»

ጸሐፊው ወረቀቱን አገላብጦ፣ ይሄ ቋንቋ አይደለም፣ ማንም አያነበውም አለ። ሰናይት እኔ አነበዋለሁ አለችና ከላይ ጀመረች። አቤቱታ። አመልካቾች፣ የጫፌ ወርቄ ነዋሪዎች አርባ ሦስት አባወራዎችና እማወራዎች። ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። ከኋላ የተሰለፉት አንገታቸውን አስግገው መስማት ጀመሩ፤ ከጎን ቢሮ በር ተከፈተ። ጸሐፊው ይበቃል አላት፤ አልበቃትም። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ አዋሳኞቹ መሐል ስትደርስ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ሰማች። የእጁም፣ የዝብርቅርቁም ላይ መታበት።

የእግዱ ደብዳቤ ቀድሞ ተረቅቆ የአቤቱታውን ቁጥር ብቻ ይጠብቅ ነበር። አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ኃላፊው ፈርሞበት ወጣ። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ይዞታው ባለበት እንዲቆይ ይላል። ኦቦ ዱቤ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ አጣጥፈው በውስጥ ኪሳቸው ከከተቱት በኋላ ደግሞ አውጥተው አነበቡት። ጸሐፊው መዝገቡን ገፋ አድርጎላቸው ቅጂውን ለመውሰዳቸው እንዲፈርሙ ጠየቃቸው።

ኦቦ ዱቤ መነጽራቸውን አደረጉ። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ አምዶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው አለፉ። ከዚያ ረጋ ብለው ፈረሙ፤ ከፊርማቸው ጎንም በዚያ በሚያምር እጃቸው «አልተስማማሁም» ብለው ጻፉ።

ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ አየው። «አባት፣ ይሄ እኮ ደብዳቤውን ለመውሰድዎ ብቻ ነው። የሚስማሙበት ነገር የለውም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ዱቤ። «ከፊቱ ምን እንደሚሰፋበት ግን አላውቅም።»

ሰናይትም በምስክርነት መፈረም ነበረባት። ብዕሩን ተቀብላ ስሟን ጻፈች፤ ከጎኑ ያችኑ ቃል ደገመችና፣ መዝገቡን ከመመለሷ በፊት ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።